የሐምሌን ደሞዝ ማን ይከፍላል?

ሃምሳ አለቃን ኮንሰርት ልወስዳቸው እንደሆነ የሰማ ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ማን መጥቶ ነው?»

እውነታቸውን ነው። እኛ በምንኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ኮንሰርት ማለት የሚመጣ ሰው ማለት ነው። ዘፋኙ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ፎቶው በየእንጀራ መሸጫው መስታወት ላይ ይለጠፋል። በር የሚከፈተው ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው ይባላል። እኛ ነገሩን ስለምናውቀው በስድስት እንደርሳለን፤ ዘፋኙ ደግሞ እኛን ስለሚያውቀን በሰባት ይወጣል። ሊነጋጋ ሲል ሴቶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ወንዶቹ መኪናቸውን የት እንዳቆሙ ጠፍቷቸው እንበተናለን። እስከሚቀጥለው ዘፋኝ ድረስ በቃ።

«የባልቲሞር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነው» ስላቸው ነገሩ ይቀዘቅዛል። አንዱ ወዳጄማ «እሱ ደግሞ የማን ባንድ ነው?» አለኝ። ያን ጊዜ ስቄበታለሁ። ኋላ ሳስበው ግን ጥያቄው የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም።

መጀመሪያ ስለ ሃምሳ አለቃ ልንገራችሁ። በደርግ ዘመን ከጦሩ የሙዚቃ ክፍሎች በአንዱ ትራምፔት ተጫዋች ነበሩ። ማዕረግ ነበራቸው፣ ደሞዝ ነበራቸው፣ ቀለብና የደንብ ልብስ ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት ኖታ ዘርግተው ይለማመዱ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ትራምፔቱም፣ ክላርኔቱም፣ ትሮምቦኑም አብሮ ተበተነ። ከዓመታት በኋላ ዲቪ ደርሷቸው ወደዚህ መጡና ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር፣ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ ወጡ። የፓርኪንግ ልጆች ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚሏቸው። በሰው እጅ የገዟት አንዲት ትራምፔት ቁም ሣጥናቸው ውስጥ አለች። አይነኳትም። «ከንፈር አንዴ ከተወ አይመለስም» ይላሉ።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ማታ ይዣቸው ወጣሁ። አዳራሹ፣ ስትራዝሞር የሚባለው፣ ከእኛ ሰፈር በመኪና ቅርብ ነው። እሳቸው ግን በቀይ መስመር ባቡር እንሂድ አሉ። ቀዩ መስመር ደግሞ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ዋሽንግተን መሀል ድረስ ይወርድና በሌላው በኩል ተመልሶ ይወጣል። ጎረቤት ለመጠየቅ ሀገር ማቋረጥ በሉት። ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ተጓዝን። ሃምሳ አለቃ ኮትና ከረባት አድርገዋል፤ ጫማቸው ያብረቀርቃል። እኔ ሹራብ ነው የለበስኩት። አዩኝ፤ ምንም አላሉም።

አዳራሹ ያምራል። ውስጡ እንጨት በእንጨት ነው፤ ወደ ሁለት ሺህ ሰው ይይዛል። ቦታችን ከላይ ስለነበር የምናየው የብዙ ሰው አናት ነው፤ ሽበት ነው በሉት። መድረኩ ላይ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ እየገቡ እያንዳንዱ የራሱን ይሞካክራል፤ ገበያ ይመስላል። ከዚያ የመጀመሪያው ቫዮሊን ተጫዋች ይነሳል፣ ጸጥ ይላል፣ ኦቦዋ አንዲት ድምፅ ትሰጣለች፣ ሁሉም በእሷ ይቃኛል። ሃምሳ አለቃ በዚያች ድምፅ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሰልፍ ላይ ያሉ ነው የመሰሉኝ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ብዙ አልቆይም። ፒያኖ ያለበት ኮንቼርቶ ነበር፤ ፒያኖው ደህና ነበር፤ የዚያን ምሽቱ እንግዳ መሪ ግን ባቡር የሚያመልጠው ይመስል ነበር። አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው ሳይጀመር ሃምሳ አለቃ አጨበጨቡ። ብቻቸውን። ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ዞረው አዩን፤ እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ አፈርኩ። እጃቸውንም ያዝኳቸው። አሁን የሚያሳፍረኝ እጃቸውን መያዜ ነው። በቤትሆቨን ዘመን ሰው በየክፍሉ መሀል ያጨበጭብ ነበር፤ ሰባተኛው ሲምፎኒ እ.ኤ.አ. በ1813 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ሁለተኛው ክፍል ወዲያውኑ ይደገም ተብሎ ተደግሟል። ይህ ፀጥታ፣ ይህ ሳል እንኳ የሚታፈንበት ሥርዓት፣ ከሙዚቃው በኋላ የመጣ ነው። ባለቤቶቹ ግን ከሙዚቃው ጋር አብሮ የተወለደ ያስመስሉታል፤ ከዚያ ደግሞ ወጣቱ ለምን አይመጣም ብለው ስብሰባ ይቀመጣሉ።

በዕረፍቱ ሰዓት ቡና ይዘን ቆመን ሳለ ነው ሃምሳ አለቃ የጠየቁኝ።

«እነዚህ ሰዎች ክረምት ላይ ማን ይከፍላቸዋል?»

በአሜሪካ አማርኛ «ክረምት» ሲባል በረዶው ይሁን የሐምሌው ሙቀት ሁልጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። እሳቸው ሐምሌን ነው ያሉት። ፕሮግራሙን አገላብጠው አይተውት ኖሯል፤ የሙዚቃው ወቅት መስከረም ላይ ጀምሮ ሰኔ ላይ ያልቃል። በመሀል ያለውስ?

እኔ ስለ ፒያኖው ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ነበር። የዚህ ኦርኬስትራ ታሪክ ግን፣ ጥሩውም መጥፎውም፣ እሳቸው ወደጠየቁት ነገር ነው የሚወስደው። ስለዚህ ቡናችንን ይዘን እንቁም፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥቀስ።

የባልቲሞር ሲምፎኒ የተመሠረተው በ1916 ነው። የመሠረተው ከተማው ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ። ቦስተን ላይ በ1881 ኦርኬስትራ ያቆመው አንድ ሀብታም ነበር። ባልቲሞር ግን መብራትና ውኃ እንደሚያቀርብ ሁሉ ሙዚቃም ከከተማው በጀት ይከፈል አለ። አንድ ከተማ ለነዋሪው «ይህም ይገባሃል» ብሎ መናገሩ ነው፤ ለእኔ ከማንኛውም ሲምፎኒ ያላነሰ ሥራ ነው። ችግሩ «ነዋሪ» የሚለው ቃል ላይ ነበር። ከተማዋ በቀለም የተከፈለች ስለነበረች ለጥቁሮቹ ኋላ ሌላ ኦርኬስትራ ተቋቋመላቸው። ባንዱ የማን ነው የሚለው የወዳጄ ጥያቄ እንግዲህ ከዚያ ጀምሮ አለ።

በ1942 ኦርኬስትራው ከማዘጋጃ ቤት ወጥቶ የግል ተቋም ሆነ። በ1982 ባልቲሞር ውስጥ የራሱ አዳራሽ ተሠራለት፤ በ2005 ደግሞ እኛ የተቀመጥንበት ስትራዝሞር ሁለተኛ ቤቱ ሆነ። አንድ ኦርኬስትራ፣ ሁለት ቤት። አንዱ ቤት ያለው ብዙ ድሃ በሚኖርባት ትልቅ ከተማ ነው፤ ሌላው ደህና ደሞዝተኛ በሚኖርበት አውራጃ። ተጫዋቾቹ ያንኑ ፕሮግራም ይዘው ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳሉ። ሁለት ሚስት ያገባ ሰው የሚያውቀውን ሒሳብ ኦርኬስትራውም ያውቀዋል።

በ2007 ማሪን ኦልሶፕ መሪነቱን ያዘች። ከታላላቆቹ የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች አንዱን በሙዚቃ ዳይሬክተርነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ስትመረጥ ተጫዋቾቹ ራሳቸው አጉረምርመው ነበር፤ እሷ ግን 14 ዓመት ቆየች። በመጀመሪያው ዓመቷ የዓመት ትኬት ለገዛ ሰው ማንኛውም ወንበር በ25 ዶላር ሆነ። በ2008 ደግሞ በምዕራብ ባልቲሞር አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ 30 ልጆች ሰብስባ መሣሪያ የሚማሩበትን ፕሮግራም ጀመረች፤ ከተሸለመችውም ገንዘብ 100,000 ዶላር አወጣችበት። ስለ እሷ ብዙ ተጽፏል፤ አልደግመውም።

ሃምሳ አለቃ የጠየቁት ነገር የፈነዳው በ2019 ነው። ተጫዋቾቹ የዓመቱን 52 ሳምንት ሙሉ ይከፈላቸው ነበር። አስተዳደሩ ወደ 40 ይውረድ አለ። በአሥር ዓመት ውስጥ 16 ሚሊዮን ዶላር ከስረናል ነው ምክንያቱ። ግንቦት መጨረሻ ላይ የበጋውን ኮንሰርት ሁሉ ሰረዘ፤ በሰኔ 17 ቀን ደግሞ በር ዘጋባቸው። ሥራ የለም፣ ደሞዝም የለም። የክልሉ ምክር ቤት 3.2 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ድጋፍ መድቦ ነበር፤ ገዥው አልለቅም አሉ። ቫዮሊንና ትሮምቦን የሚጫወቱ ሰዎች አዳራሻቸው ፊት ለፊት አስፋልት ዳር መፈክር ይዘው ቆሙ። መስከረም ላይ ተስማሙና ወቅቱ ተከፈተ።

የአስተዳደሩ ሒሳብ አይገባኝም አልልም። 16 ሚሊዮን ብር እንኳ ብርቅ ነው፣ እንኳን ዶላር። ማንም የማይሰማበትን ሳምንት ለምን እንከፍላለን? ሱቅ ቢሆን ትክክል ነው። ኦርኬስትራ ግን የሚሸጠው ያን ቅዳሜ ማታ ብቻ አይደለም። ሰማንያ የሚጠጋ ሰው በአንድ እስትንፋስ ለመነሳት አብሮ መክረም አለበት፤ ዓመት ሙሉ፣ ሰው ቢኖርም ባይኖርም። 12 ሳምንት ባዶ ካደረጋችሁባቸው ጎበዞቹ 52 ሳምንት የሚከፍል ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። የቀሩትም መኪና መንዳት ይጀምራሉ። ከንፈር ይተዋል።

ይህን ሁሉ በዚያች በዕረፍት ሰዓት እንዳልተረኩላቸው መቼም ታውቃላችሁ። «ከፍለዋቸው ነበር፤ ኋላ አንከፍልም አሉ፤ ተጣሉ፤ ታረቁ» ነው ያልኳቸው። ሃምሳ አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛን አላስታረቁንም» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ የሚዞረው። የእኛ ዘመናዊ ሙዚቃ የሚባለው እኮ በደሞዝ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች ደሞዝተኞች ነበሩ። ክብር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ምድር ጦሩ ሙዚቀኛውን በማዕረግ ቀጥረው ነው ያኖሩት። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራ ነበረው፤ ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰለ ሰው ለፍቶበታል። ዛሬ ወርቃማው ዘመን እያልን የምናለቅስለት ድምፅ የመጣው ጠዋት ተነስቶ ልምምድ ከሚገባና በወሩ መጨረሻ ፔሮል ላይ ከሚፈርም ሰው ነው። አለቃው ጄኔራል ነበር፤ ዘፈን ይታዘዝ ነበር፤ ሙዚቀኛው እንደ ወታደር ይቀጣ ነበር። ያን አላወድስም። ግን ሐምሌ ላይ ደሞዝ ነበረ።

ከዚያ ኪቦርድ መጣ። አንድ ልጅ፣ አሥር ጣት፣ ትራምፔቱም ሳክስፎኑም ከበሮውም በውስጡ። ርካሽ ነው፣ አይታመምም፣ አበል አይጠይቅም። እኛ ደግሞ ዘፋኙ እስካለ ድረስ ከኋላው ማን እንዳለ ጠይቀን አናውቅም። እኔ ራሴ በዚህች ሀገር ስንት ሌሊት ሳጨበጭብ አንግቻለሁ፤ የአንድም ትራምፔት ተጫዋች ስም አልነግራችሁም። ለትኬቱም ለውስኪውም የምናፈሰው ገንዘብ ትንሽ አይደለም። ዕድር አለን፣ ዕቁብ አለን፣ በየዓመቱ ሐምሌ ሲደርስ ከየስቴቱ የምንሰባሰብበት የኳስ ፌስቲቫል አለን። የምንከፍለው ግን ለሌሊቷ ነው። ለልምምዱ የሚከፍል ጠፋ።

የፈረንጆቹ የዓመት ትኬት እኮ ዕቁብ ነው፤ ሰዉ ገና በሚያዝያ ለመጪው መስከረም ይከፍላል። ምን እንደሚሰማ በቅጡ ሳያውቅ፣ ማን እንደሚመራው ሳያጣራ፣ ኦርኬስትራው እንደሚኖር አምኖ ይከፍላል። የዚያን ማታ ያየሁት ሽበት ሁሉ ዕቁብተኛ ነው። እነሱ ሲያልፉ ዕጣውን ማን ይወስደዋል የሚለው ነው የሚያሰጋው።

ዕቁቡ ግን ባለቤቶቹንም አስንፏቸዋል። ባልቲሞርን ብቻ አልልም፤ የዚህ ዓይነት ኦርኬስትራዎች ወቅት አንድ ሰው ያበሰለው ይመስላል። ብራምስ፣ ቻይኮቭስኪ፣ ቤትሆቨን፤ በሚቀጥለው ዓመት ቤትሆቨን፣ ብራምስ፣ ቻይኮቭስኪ። አዲስ ሥራ ካለ መጀመሪያ ላይ አሥር ደቂቃ ይሰጠዋል፤ እንደ ኮሶ ቶሎ አስጠጥተው ወደ ጠጁ ያልፋሉ። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ትልቅ መጋረጃ ሰቅለው ፊልም ያሳያሉ፤ ኦርኬስትራው ከሥሩ ተቀምጦ የፊልሙን ሙዚቃ ይጫወታል። ይህን አልወደውም። ያንን ሁሉ ሰው አስቀምጦ የሚታየው ሌላ ነገር ከሆነ ምን ትርጉም አለው? ባቡር ውስጥ ለሃምሳ አለቃ ይህንን ስነግራቸው አልተስማሙም። «እኛስ ለስንቱ ሰልፍ ነፍተናል» አሉ። «ደሞዝ ከተከፈለበት ሙዚቃ ነው።»

አንድ ነገር ግን ለባልቲሞሮቹ ልመስክር። በ2022 ጆናታን ሄይዋርድን መረጡ፤ ያኔ 29 ዓመቱ ነበር፤ በ2023 ሥራ ጀመረ። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ በአሥር ዓመቱ ቼሎ የጀመረ ልጅ ነው። በዚህ ኦርኬስትራ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር የሙዚቃ ዳይሬክተር ነው። ለጥቁር ነዋሪዋ ሌላ ኦርኬስትራ ባቆመች ከተማ ይህ ቀላል አይደለም። መቶ ምናምን ዓመት ፈጀ እንጂ።

ደወሉ ተደወለ፤ ገባን።

ሁለተኛው አጋማሽ ድቮርዣክ ነበር፤ አሜሪካ ሳለ የጻፈው፣ በ1893 ኒው ዮርክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ዘጠነኛው ሲምፎኒ። «የአዲሱ ዓለም» የሚባለው። መሪው የመጀመሪያውን ክፍል አሁንም ሮጠበት። ሁለተኛው ላይ ግን እግዜር ይስጠው ረጋ አለ። የነሐስ መሣሪያዎቹ በለሆሳስ ጀመሩ፤ ከዚያ ኢንግሊሽ ሆርን የሚሉት የኦቦ ታላቅ ወንድም ያችን ዜማ አነሳ። ሃምሳ አለቃ ክንዴን ጨበጡኝ።

«ትዝታ ነው እኮ!»

ጮክ ብለው ነው ያሉት። ሴትዮዋ እንደገና ዞሩ። ዞሩም አልዞሩም ነገሩ ትክክል ነው። የዜማው የመጀመሪያ ሐረግ ከትዝታ ሜጀር ድምፆች አይወጣም፤ በክራር ብትጫወቱት አንድም ክር መቃኘት አያስፈልጋችሁም። በ1922 የድቮርዣክ ተማሪ የነበረ ሰው ግጥም አስገብቶበት ወደ ቤት ስለ መመለስ የሚዘፈን ሆነ፤ ብዙ አሜሪካዊ የጥቁሮች የድሮ መዝሙር ይመስለዋል። ቼኩ ሰውዬ ኒው ዮርክ ተቀምጦ ሀገሩ ናፍቆት ነበር፤ የማንን ቅኝት እንደነካ ግን አያውቅም።

እኔ ዜማው ውስጥ ገብቼ ነበር። ሃምሳ አለቃ ግን ከትንሽ ጊዜ በኋላ በጆሮዬ «ያን ሰውዬ እየው» አሉኝ። ቱባ ተጫዋቹን ነው። በዚህ ሲምፎኒ ውስጥ ቱባ ያለው በሁለተኛው ክፍል ብቻ ነው፤ እዚያም ጥቂት ኖታ። አራት ክፍል ሙሉ ያን የሚያህል ብረት ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። ሲደርሰው ያነሳዋል፣ ይነፋል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ጸናጽሉም እንዲሁ፤ መጨረሻው ክፍል ላይ አንድ ጊዜ፣ እሱንም በቀስታ።

«ለዚህች ነው የሚከፈለው?» አልኩኝ ሳላስበው።

«ለመጠበቁ ነው እንጂ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «አስቸጋሪው መጠበቁ ነው። ከንፈርህ ይቀዘቅዛል፣ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በቀስታ ግባ ትባላለህ።»

ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ፤ በዚህ ጊዜ የፈለግነውን ያህል ማጨብጨብ ተፈቅዶልናል። መሪው ቡድኖቹን አንድ በአንድ እያስነሳ አስጨበጨበላቸው። ቱባው ሲነሳ ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አድርገው ነው ያጨበጨቡት።

ባቡሩ ውስጥ ፊልሙን ተከራከርን፤ ከዚያ ዝም አልን። መሀል ከተማ ልንደርስ ስንል ከኪሳቸው የመጪውን ወቅት ወረቀት አወጡ፤ ከአዳራሹ በር ላይ አንስተውት ኖሯል። መነጽራቸውን አድርገው ወንበሮቹ የተሳሉበትን ገጽ ፈለጉ።

«ሁለት ትኬት ያዝ» አሉኝ። «ዛሬ የተቀመጥንበት አይሆንም። በዚህ በጎን በኩል አድርገው፤ ትራምፔቶቹ ፊት ለፊት የሚታዩበት።»

«የዓመቱን ነው?»

«የዓመቱን።» ወረቀቱን አጣጥፈው ሰጡኝ። «ሹራብህን ግን ተወው።»